ጎ-ባስተርስን የሙጥኝ ያልኩበት ምክንያት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄን የምጽፈው ስለደከመኝ ነው። ስለዚህ ተከታታይ ፊልም ወሬ በተነሳ ቁጥር ያው አሥር የማይሞላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ያንኑ መልስ ለእያንዳንዱ ሰው በስልኬ ስጽፍ ጣቴ ዛለ። ከዛሬ ጀምሮ የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ነው የምልከው። መጨረሻውን የሚያጋልጥ ነገር አለበት፤ ሳይነግረን እንዳትሉ።

ለመሆኑ ምንድን ነው እሱ?

ሙሉ ስሙ ቶኩሜይ ሴንታይ ጎ-ባስተርስ ነው። ጃፓኖች ሱፐር ሴንታይ የሚሉት ነገር አለ፦ ባለ ቀለም ልብስና ሄልሜት ያደረጉ ጀግኖች በቡድን ሆነው ጭራቅ ይገጥማሉ፣ ከዚያ ግዙፍ ሮቦት ውስጥ ገብተው ትልቁን ጭራቅ ይጥላሉ። በ1975 የተጀመረ ነው። ጎ-ባስተርስ 36ኛው ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2012 እስከ የካቲት 2013 በቲቪ አሳሂ ታየ፤ እሑድ እሑድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:30 ላይ። 50 ክፍል አለው። የሠራው ቶኤይ የሚባል የፊልም ኩባንያ ነው፤ ዋናዋ ጸሐፊ ደግሞ ያሱኮ ኮባያሺ ናት።

ፓወር ሬንጀርስን የምታውቁ ከሆነ ነገሩን ግማሽ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ውጊያውንና ሮቦቱን ከጃፓኖቹ ወስደው፣ ሰዎቹን በራሳቸው ተዋንያን ተክተው ነበር የሚሠሩት። ልጅ ሆኜ ይሄን ሳላውቅ «ሄልሜት ሲያደርጉ ለምን ቁመታቸው ይቀየራል?» እያልኩ ስከራከር ነበር። የሰማኝ የለም።

ታሪኩስ?

ዓለሙ ኤነትሮን በሚባል ኃይል ነው የሚንቀሳቀሰው። ከ13 ዓመት በፊት፣ በገና ዕለት፣ አንድ የምርምር ማዕከል ኮምፒውተር ውስጥ ቫይረስ ይገባል። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ቫይረሱ ወደ ውጭ ከወጣ አገር እንደሚያልቅ ይረዱና፣ ሕንጻውን ከነራሳቸው ወደ ሌላ ዓለም ይልኩታል። ሦስት ልጆች ብቻ ይተርፋሉ። የ7 ዓመቱ ሂሮሙ፣ የ15 ዓመቱ ሪዩጂና የ3 ዓመቷ ዮኮ። ከመለያየታቸው በፊት ሰውነታቸው ውስጥ የቫይረሱ መከላከያ ይጫንላቸዋል። ታሪኩ ሲጀምር ሂሮሙ 20፣ ሪዩጂ 28፣ ዮኮ 16 ሆነዋል፤ ሥራቸው ያንን ኃይል ከሌባ መጠበቅ ነው።

ቫይረሱ መሲሕ ይባላል። አዎ፣ ልክ እንደሰማችሁት። እናቴ ከኋላዬ አልፋ «መሲሕን ማጥፋት አለብን» የሚለውን የግርጌ ጽሑፍ ስታነብ የሆነውን ለሌላ ቀን ልተወው።

ዶሮ የሚፈራው ጀግና ይሄ ነው?

ይሄ ነው። በልጆቹ ሰውነት ውስጥ የተጫነው ነገር በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይነጥቃል። ሂሮሙ እንደ አቦሸማኔ ይሮጣል፣ ግን ዶሮ ካየ ባለበት ይደርቃል። ድርቅ! ሪዩጂ የጎሪላ ጉልበት አለው፣ ግን ሰውነቱ ከጋለ ራሱን ስቶ ወዳጅ ከጠላት አይለይም። ዮኮ እንደ ጥንቸል ትዘላለች፣ ስኳር ካለቀባት ግን ክልትው ትላለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጣፋጭ ይዛ ነው የምትዞረው።

የእህቴ ልጅ ይሄን አይቶ «እዚህ አገር ቢሆን በበዓል ዋዜማ ከቤት አይወጣም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። እግራቸው ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠሉ ዶሮዎች ባሉበት መንገድ ሂሮሙን አስቡት።

ብዙ ሰው ይሄን እንደ ርካሽ ቀልድ ነው የሚያየው። አንዳንዴ ናትም፤ ዶሮዋን በጣም ደጋግመው አምጥተዋታል። ግን የሪዩጂን ተመልከቱ። ቡድኑ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው፤ ረጋ ያለው፣ ለሌሎቹ አባት የሚሆነው፣ ሻይ የሚያፈላው ዓይነት ሰው። የሱ ድክመት ቁጣ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። በልጅነቱ መሐንዲስ መሆን ይፈልግ የነበረ ሰው ነው። 13 ዓመት ሙሉ ዋጥ አድርጎ የያዘው ነገር ሲግል እየወጣ ነው ብዬ ነው የማየው።

አሰልቺ ነው ይባላል። እውነት ነው?

የመጀመሪያዎቹ አሥር ክፍሎች ቀዝቃዛ ናቸው፣ አልዋሽም። ጀግኖቹ ደመወዝተኞች ናቸው። አለቃ አለ፣ ስክሪን ላይ የተጣዱ ሁለት ሠራተኞች አሉ፣ ማንቂያ ደወል ይጮኻል፣ «የደረሰበት ቦታ ይሄ ነው፣ የቀረው ደቂቃ ይሄ ነው» ይባላል። ሂሮሙ በበኩሉ ፊት ለፊት ተናጋሪ ነው፤ «ተሳስተሃል» ለማለት አንድ ሰከንድ አያቅማማም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የታየው ጎካይገር የ35 ዓመት በዓል ድግስ ነበር። የድሮ ጀግኖች በሙሉ የተጋበዙበት፣ በየክፍሉ ሆይ ሆይ የሚባልበት። ከሠርግ ቤት ወጥቶ በማግስቱ ቢሮ እንደ መግባት ነው።

ግን ቀዝቃዛ ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ ልብ በሉ። በሌሎቹ ሴንታዮች ትንሹ ጭራቅ ይሞትና ግዙፍ ሆኖ ይነሳል፤ ለምን መጀመሪያውኑ ግዙፍ አልሆነም ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚህ ግን ጠላት አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ አካፋ፣ ላይ ቫይረስ ይጭንና ትንሹን ጭራቅ ይፈጥራል። በዚያው ቅጽበት ግዙፉ ሮቦት ከወዲያኛው ዓለም ጉዞ ይጀምራል። ሰዓት ይቆጠራል። ቀላሉ ዓይነት ቶሎ ይደርሳል፣ ከባዱ ይዘገያል። ስለዚህ ሦስቱ ጀግኖች መከፋፈል አለባቸው፤ አንዱ ወደ ሮቦቱ፣ ሁለቱ እዚያው መሬት ላይ። አንዳንዴ ሁለቱም ውጊያ አብሮ ይሄዳል፣ አንዱ ሲሸነፍ ሌላውም ይበላሻል። በዚያ ላይ ቆጠራውን እናንተም እያያችሁ ነው።

ያንን ሰዓት በቁም ነገር ስለወሰዱት ለቀልድ የሚተርፍ ደቂቃ አጡ። የምወድለትም የምወቅስበትም ነገር አንድ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ከታች ትመለሳለች።

እሺ፣ ያንተ አመለካከት ይቅርና ጉድለቱን ንገረን።

በደስታ። ጉድለቱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ አየሁት መሰላችሁ።

ግዙፎቹ የጠላት ሮቦቶች ያው አንድ ዓይነት ናቸው። እጁ ተቀይሮ፣ ቀለሙ ተቀይሮ፣ ባለፈው ሳምንት የሞተው ተመልሶ ይመጣል። ታሪኩ ሰበብ ሰጥቶታል፣ «የዚህ ሞዴል ነው» ይባላል፤ ግን ገንዘብ መቆጠቢያ መሆኑን ማንም ያውቃል። ትንንሾቹ ጭራቆች ደግሞ ባሕርይ የላቸውም። ዕቃ ናቸው። አካፋው አካፋ ነው፣ ስለ አካፋነቱ ትንሽ ይጮህና ይፈነዳል።

ልብሱ ላይ ሰው ሁሉ ተጣልቷል። ቆዳ መሳይ ልብስ፣ ጥቁር መነጽር መሳይ ሄልሜት። እኔ ለምጄዋለሁ፣ ግን በመጀመሪያ ሳየው በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ነበር የመሰለኝ። ጀማሪዎቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውም ልጆችን አላስደሰተም፤ አምስት ቀለም የለመደ ዓይን ሦስት ሲያይ ጎደለብኝ ይላል። መጫወቻውም ከቀደመው ዓመት ባነሰ ተሸጠ። ሴንታይ ማለት ደግሞ በመጫወቻ የሚኖር ነገር ነው፤ መጫወቻ ካልተሸጠ ታሪኩ ላይ እጅ የሚያስገባ ይመጣል።

እሱ ነው ወደሚቀጥለው የሚወስደኝ።

መሃል ላይ ተበላሸ የሚሉትስ?

ግማሽ ልክ ናቸው። 30ኛው ክፍል አካባቢ ሦስቱ ያ ሕንጻው የተላከበት ዓለም ድረስ ይሄዳሉ። 13 ዓመት ሙሉ የተለፋው ለዚያ ነው። ሂሮሙ ገና የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ ለትንሿ ዮኮ ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። ሲደርሱ ሕንጻው ውስጥ የቀሩት የሂሮሙ ወላጆችና የዮኮ እናት የሉም። ዳታ ሆነዋል፣ ከመሲሕ ጋር ተዋሕደዋል። ቫይረሱን ማጥፋት ማለት የእነሱን ትራፊም ማጥፋት ማለት ነው። ያጠፉታል።

አስቡት፣ ይሄ እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ለልጆች የሚታይ ነው። መጨረሻ ላይ ወላጆቹ በተአምር ብቅ ይላሉ ብዬ እስከ መጨረሻው ክፍል ጠብቄአለሁ። አልመጡም። ኮባያሺ ጨካኝ ናት፣ በዚህ ደግሞ አመሰግናታለሁ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ዋናው ጠላት በ30 ክፍል አልቆ 20 ክፍል ቀረ። የመግቢያው ዘፈን ሳይቀር ተቀየረ፣ ነገሩ ፈካ አለ፣ የመሲሕ ትራፊ በካርድ ተበተነና ካርድ ፍለጋ ተጀመረ። ያ ሁሉ ሐዘን ሳይደርቅ ሳቅ ሲመጣ፣ ልክ ለቅሶ ቤት ካርታ እንደሚጫወቱ ሰዎች ይሆናል። (እርግጥ እኛ ጋ ለቅሶ ቤት ካርታ ይጫወታሉ። ምሳሌዬ አልሠራም።)

ሆኖም ያ ሁለተኛ ግማሽ ባይኖር ኤንተር አይኖርም ነበር። ኤንተር የመሲሕ ተላላኪ ነው፤ ላፕቶፕ ይዞ የሚዞር፣ ፈረንሳይኛ ጣል ጣል የሚያደርግ፣ ለብሶ የሚያምር ቀጣፊ። ጌታው ሲሞት ሥራ አጥ ይሆናል ስትሉ ለራሱ መኖር ይጀምራል። ከዳታ የተሠራ ነገር ሙሉ ሰው መሆን ያምረዋል። እዚህ ላይ ከጀግኖቹ ወገን ያለውን ማሳቶ ጂንን ጎን ለጎን አስቀምጡትና እዩ። ጂንም ዳታ ነው። እውነተኛ ሰውነቱ እዚያ ማዶ ዓለም ተኝቷል፣ የሚንቀሳቀሰው ምስሉ ነው። አንዱ ዳታ ሰው ለመሆን ሌላውን ሁሉ ይበላል፤ ሌላው ሰው ሆኖ ተወልዶ ለልጆቹ ሲል ራሱን ያጠፋል። ሁለቱን ፊት ለፊት ያገናኘው ያ ተበላሸ የተባለው ግማሽ ነው።

በጣም የምትወዳት አንዲት ትዕይንት ካለች?

የጂንና የጄ ነገር። ሴንታይ ላይ ጀግና ከመዋጋቱ በፊት ይፎክራል፤ እጁን ዘርግቶ «እኔ እከሌ ነኝ» ይላል። እኛ ፉከራ ላላወቅን አይደለንም፣ ገብቶናል። ማሳቶ ጂን ደግሞ መታየት የሚወድ ሰው ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይወጣል፣ ድምፁን ያሳምራል፣ እጁን ይዘረጋል። በዚያች ሰከንድ ቢት ጄ. ስታግ የሚባለው ሮቦት ጓደኛው ቀጥ ብሎ መጥቶ ፊቱ ላይ ይቆማል። ካሜራው የሚያየው ጄን ብቻ ነው። ጂን ከኋላ አንገቱን ያወጣል፣ «ሸፈንከኝ!» ይላል። ጄ ግድ የለውም። በሚቀጥለው ክፍልም ይሸፍነዋል።

ይሄ ቀልድ ሃያ ጊዜ ይደገማል። ሃያውንም ጊዜ ሳቅሁ። ጂን መጨረሻ ላይ እንደሚሞት ካወቅሁ በኋላ እንደገና ሳየው ግን አንድ ነገር ተሰማኝ። ከማዶ የመጣው ሰው ሊታይ ሲሞክር በየጊዜው የሚሸፈን ሰው ነው፤ በእውነትም እዚህ የለም እኮ።

ሪዩጂም አለ በዚህ ውስጥ። ልጅ ሳለ ጂን አርአያው ነበር። አሁን ጂን ያን ጊዜ በነበረው መልኩ ተመልሶ መጣ፣ ሪዩጂ ግን 13 ዓመት አርጅቷል። የሚያደንቀው ታላቁ እኩያው መስሎ ፊቱ ቆመ። ስለዚህ ጉዳይ ረጅም ንግግር አያደርጉም። ያየዋል፣ በቃ።

ሮቦቶቹ ደህና ናቸው?

ደህና ብቻ! ጉድለቱን ስዘረዝር ይሄን ልረሳ ነበር። የጠላት ሮቦት ቢደጋገምም ውጊያው ራሱ የተቀረጸበት መንገድ ሌላ ነገር ነው። የልዩ ትዕይንቶቹ ዳይሬክተር ሂሮሺ ቡትሱዳ ነው። ካሜራው ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ፣ መንገድ ላይ ከቆመ ሰው ዓይን ነው የሚያየው። ስለዚህ ግዙፉ ነገር ግዙፍ ይመስላል። የቀዩ ጀግና ማሽን መጀመሪያ መኪና መሳይ ነው፤ ከጣቢያው ተስፈንጥሮ ወጥቶ መንገዱን ይዞ ይከንፋል፣ ከዚያ አቦሸማኔ ይሆናል፣ ከዚያ ሮቦት ይሆናል። ወደ ሥራ እንደሚሄድ መኪና።

የጀግኖቹ ትንንሽ ሮቦት ጓደኞችም አሉ። የሂሮሙ ኒክ ሞተር ሳይክል መሆን ይችላል፤ ሆኖም መንገድ አያውቅም። አቅጣጫ የሚጠፋው ሞተር ሳይክል! የሪዩጂው ጎሪሳኪ ጭንቀታም ነው፤ የዮኮው ኡሳዳ ደግሞ «ጥናትሽስ?» እያለ የሚነዘንዝ ጥንቸል ነው። የእህቴ ልጅ ኡሳዳን አይወደውም። ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

የአሜሪካው አይሻልም?

አሜሪካኖቹ ጎ-ባስተርስን መጀመሪያ ዘለሉት። ከእሱ ቀጥሎ የመጣውን የዳይኖሰር ቡድን በ2015 አስቀድመው ሠሩ። ዳይኖሰር ይሸጣል፣ ይገባኛል። ከዚያ መጫወቻ ሠሪው ሃስብሮ ፓወር ሬንጀርስን በ2018 ገዛና በ2019 ቢስት ሞርፈርስ ብሎ ወደ ኋላ ተመልሶ ወሰደው። ሰባት ዓመት ዘግይቶ። ማንም አይፈልገውም የተባለው ልጅ ተፈልጎ ተመለሰ፤ ለእኔ ይሄ ብቻውን የሚከራከርልኝ ነገር ነው።

ቢስት ሞርፈርስ መጥፎ አይደለም። ድክመቶቹንም ይዘዋል፤ ዶሮዋ ግን በውሻ ተተካች። ይሄን ይቅር ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ። ውሻ የሚፈራ ሰው ሞልቷል፣ ምኑ ነው የሚያስቀው? ያ የገና ሐዘንም የለም። ፈጠን፣ ቀለል ያለ ነው፤ ከልጅ ጋር ለማየት ምናልባት እሱ ይሻላል።

አንዲት አስቂኝ ነገር ላክል። ጎ-ባስተርስ ልብስ ሲቀይሩ እጃቸው ላይ ያለው መሣሪያ «ኢትስ ሞርፊን ታይም» ይላል። ይቺ አባባል የአሜሪካኖቹ ናት፤ ጃፓኖቹ ከእነሱ ወሰዷት። ከዚያ አሜሪካኖቹ ይሄንኑ ፊልም መልሰው ገዙ። የተበደረውን ዕቃ ለባለቤቱ እንደ መሸጥ።

የኃይሉ ነገር፣ ኤነትሮን ምናምን፣ ትርጉም አለው?

ይሄ የራሴ አተያየት ነው። ፊልሙ የጀመረው የ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና የፉኩሺማ የኑክሌር አደጋ ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ጃፓን ያን ጊዜ መብራት ቆጥቡ የሚባልበት አገር ሆና ነበር። በዚያ መሃል ስለ ኃይል ታንከር ጥበቃ፣ አንድ ሥፍራ ስለ ደረሰ አደጋና ወደ ቤታቸው ስላልተመለሱ ሰዎች የሚያወራ የልጆች ፊልም መጣ። በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ አልጣላውም። እኔ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ስልኬ ላይ የቀረችውን 12 ፐርሰንት እያየሁ የዚህን ፊልም ቆጠራ አስታውሳለሁ።

ከየት ልጀምር? 50 ክፍል አልችልም።

ከአንደኛው ጀምሩ፣ ሦስተኛው ላይ አትፍረዱ። ጂንና ጄ እስኪመጡ ታገሱ፤ ከዚያ በኋላ ጎትቶ የሚወስዳችሁ እሱ ነው። የዶሮ ነገር ከሰለቻችሁ መዝለል ይቻላል። የገናዎቹን ሁለት ክፍሎች ግን፣ 43ኛውና 44ኛው አካባቢ ያሉትን፣ እንዳትዘሉ።

ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ በ2013 የወጣ አንድ የቪዲዮ ፊልም አለ። ያ የገናው አደጋ ባይደርስ ኖሮስ ብሎ የሚጠይቅ ነው። መልሱ ምን መሰላችሁ? አደጋ ከሌለ እነዚሁ ሰዎች ደማቅ ልብስ የለበሱ፣ እንደ እንስሳ የሚጮኹ፣ ሳቂታ የድሮ ዓይነት ሴንታይ ይሆናሉ። ሠሪዎቹ የተሰደቡበትን ሁሉ ወስደው ራሳቸው ላይ ቀለዱበት። «እንዲህ ነበር የፈለጋችሁት?» የሚሉ ይመስላል። የእህቴ ልጅ ከሁሉም እሱን ወደደ። አሁንም ሳሎን ውስጥ እየተንደረደረ መጥቶ ፉከራውን ያሰማኛል፤ እኔም ተነስቼ ፊቱ ላይ እቆማለሁ።